ሣር የለበሰውን እዳሪ መሬት በትንሽ ትራክተር ስለ ማረስ

ብዙ ዓመት ሳይታረስ አድሮ ሣር የለበሰ መሬት ከላይ ሲያዩት ለስላሳ ምንጣፍ ይመስላል፤ ከታች ግን የሣሩ ሥር እርስ በርሱ ተጠላልፎ አፈሩን እንደ ገመድ አስሮ ይዞታል። በበሬ የሚጐተተው የአገር ማረሻ ይህን መሬት ይሰነጥቀዋል እንጂ አይገለብጠውም፤ ስለዚህ ገበሬው ገምሶ፥ ደግሞ፥ ሠልሶ፥ አራትና አምስት ጊዜ ካላመላለሰ በቀር ሣሩ አይሞትለትም። ገልባጭ ማረሻ ያለው ትራክተር ግን ሣሩን በአንድ ጊዜ ቈርጦና ገልብጦ ከአፈር በታች ይቀብረዋል። ይህም የሚሆነው ማረሻው በሚገባ ሲስተካከል ብቻ ነው። ሳይስተካከል የታረሰ እንደ ሆነ ግማሹ ሣር ቀና ብሎ ይቀራል፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ይለመልማል፤ ነዳጁም ድካሙም ከንቱ ይሆናል።

ሥራው ሳያምር ሲቀር ብዙዎች የትራክተሩን ማነስ ይከሳሉ። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1946 እስከ 1956 በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ የተሠራው ትንሹ የፈርጉሰን ትራክተር ኀይሉ ሠላሳ የፈረስ ጕልበት አይሞላም ነበር። ነገር ግን ማረሻውን በሦስት ክንድ አንጠልጥሎ ስለሚይዝ፥ የማረሻው ክብደትና የአፈሩ ጫና ወደ ኋላው ጎማ እየተላለፈ ጎማው መሬቱን ቈንጥጦ እንዲይዝ ያደርገው ነበር። ዛሬ ያሉት ትንንሽ ትራክተሮች አብዛኞቹ ማረሻቸውን የሚይዙት በዚሁ ዓይነት ነው። ስለዚህ ለጠንካራ ሣር ሁለት ማረሻ ከማስጐተት አንዱን ብቻ አስይዞ በደንብ ማሳረስ ይሻላል።

አስቀድሞ ሣሩ በከብት ይጋጥ ወይም ይታጨድ፤ ረጅም ሣር በማረሻው ላይ እየተጠመጠመ ያንቀዋልና። ከዚህ ቀጥሎ ከሁሉ የሚበልጠው ከማረሻው ፊት የሚሽከረከረው ክብ ቈራጭ ብረት ነው። ይህ ብረት ስለቱ ከደነዘዘ ሣሩ ይቀደዳል እንጂ አይቈረጥም። ሲተከልም ገና ወዳልታረሰው ወገን ከማረሻው ጎን ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲሜትር ወጣ ብሎ፥ ጥልቀቱም የማረሻው ጥልቀት እኩሌታ ያህል ሆኖ ይተከል። ከዚያ የጠለቀ እንደ ሆነ ማረሻውን ከመሬት ያነሣዋል።

የትልሙ ስፋት የጥልቀቱ እጥፍ ያህል ይሁን፤ ይኸውም ሠላሳ ሳንቲሜትር ለሚቈርጥ ማረሻ አሥራ አምስት ሳንቲሜትር ጥልቀት ማለት ነው። ብዙ ባጠለቅሁ ቍጥር እርሻው ይሻላል የሚል አራሽ ይሳሳታል፤ ጥልቀቱ ከስፋቱ ጋር የተካከለ እንደ ሆነ የተቈረጠው አፈር በጎኑ ይቆምና ተመልሶ ወደ ትልሙ ይወድቃል። ደግሞም የትራክተሩ ቀኝ ጎማ በትልሙ ውስጥ ስለሚሄድ ትራክተሩ ያዘነብላል፤ ማረሻው ግን አብሮ ማዘንበል ስለሌለበት፥ የቀኙ ማንሻ ክንድ እያጠረ ወይም እየረዘመ ማረሻው ቀጥ ብሎ እንዲቆም ይደረግ። የላይኛው ማያያዣ ዘንግ ሲያጥር የማረሻው ጫፍ ወደ ታች ይነክሳል፤ ሲረዝም ይንሳፈፋል። የመጀመሪያው ትልም መክፈቻ ብቻ ስለ ሆነ በእርሱ አይፈረድም፤ ማስተካከሉ የሚፈጸመው በሦስተኛው ትልም ላይ ነው። ፍጥነቱም በሰዓት ከአራት እስከ ስድስት ኪሎ ሜትር ይበቃል።

ሹማምንትና ባለ እርሻዎች ሥራውን ሲጐበኙ አራሹ በቀን ስንት ጥማድ አረሰ ብለው ብቻ አይጠይቁ። ከትልሙ ላይ ወርደው ይሂዱ፤ በሁለት ትልም መካከል አረንጓዴ ሣር ብቅ ብሎ ከታየ ማረሻው ይስተካከል። ጎማው በጭቃ ሲያዝ ሰንሰለት ከኋላው እምብርት በላይ አስሮ መጐተት ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን፤ ትራክተሩ ፊቱን አንሥቶ በነጂው ላይ ይገለበጣልና።

ጊዜው ክረምቱ ካለፈ በኋላ መሬቱ ርጥበቱን ሳይጨርስ፥ በጥቅምት ገደማ ቢሆን መልካም ነው። ከትልሙ ጥልቀት አፈር ዘግነው ሲጨብጡት እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ይቈይ፤ በተለይ ጥቁር መሬት በርጥቡ ከታረሰ እንደ ጡብ ይደርቃል። ሰርዶ የበዛበት መሬት ግን ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። ሰርዶ ከተቈራረጠው ሥሩ ሁሉ አዲስ ያበቅላልና፥ በርጥብ ጊዜ በመከስከሻ መቈራረጥ መዝራት ነው ማለት ይቻላል። እርሱን በበጋው መግቢያ ጠለቅ ሳያደርጉ ገልብጦ ሥሩን ለፀሐይ ማስጣት፥ ኋላም ለቅሞ ማውጣት ያስፈልጋል።

ተዳፋት የሆነ ሣር መሬት ግን ባይነካ ይሻላል፤ አፈሩን ከጎርፍ የሚጠብቀው ሣሩ ነውና። የግድ የሚታረስ ከሆነ ትልሙ ቍልቍል ሳይሆን አግድም ይሂድ፤ በየመካከሉም ያልታረሰ የሣር መቀነት ይቅር። በሰሜን አሜሪካ በታላቁ ሜዳ ላይ ሣሩ በስፋት ታርሶ ካለቀ በኋላ ድርቅ በመጣ ጊዜ ነፋስ አፈሩን አንሥቶ ወሰደው፤ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ሚያዝያ 14 ቀን 1935 የተነሣው አቧራ ቀኑን አጨለመው፤ በዚያው ወር የአፈር ጥበቃ ሕግ ወጣ። ሜዳ እንዲህ ከሆነ ገደልና ተዳፋት ምን ሊሆን ነው?

ሌላም የሚታሰብ አለ። ሣሩ የከብት መኖ ነው። በ1960ዎቹ ዓመተ ምሕረት በአርሲ በጭላሎ አውራጃ ትራክተር በገባ ጊዜ ብዙ ባለመሬቶች ጭሰኞችን አስነሥተው መሬቱን ለራሳቸው አሳርሰዋል፤ የጭሰኝነቱን ሥርዓት የ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ አስቀርቶታል። ግጦሹ የታረሰበት ሰው ግን በማንኛውም ዘመን የእርሻ በሬውን የሚያበላው ያጣል፤ ስለዚህ ማረሻው ሳይገባ የመንደሩ ከብት ወዴት እንደሚሄድ ከሽማግሌዎች ጋራ ይቈረጥ።

የተገለበጠው ሣር እስኪበሰብስ ድረስ ለሰብል የሚሆነውን ናይትሮጅን ለጊዜው ይይዛል፤ ቶሎ የተዘራበት እህል የሚገረጣው ስለዚህ ነው። እርሻው በጋውን አድሮ፥ በበልጉ ዝናም የበሰበሰውን መልሶ ሳይገለብጡ በመከስከሻ አለስልሶ፥ ለመጀመሪያው ዓመት ደጋ ከሆነ ባቄላ መዝራት ይሻላል፤ ባቄላ ናይትሮጅኑን ከአየር ያገኛል፥ ጓል ያለበትንም መሬት ይችላል። ጤፍ የላመ መሬት ስለሚወድ በሁለተኛው ዓመት ይዘራ።