የውሃ ሙቀትና የዓሣ የምግብ ፍላጎት፦ የመተማ ቆላ እንደ ማሳያ

ዓሣ የሰውነቱን ሙቀት በራሱ የማይቆጣጠር እንስሳ በመሆኑ፣ የምግብ ፍላጎቱ በሚኖርበት ውሃ ሙቀት በእጅጉ ይወሰናል። በደጋ ኩሬዎች ዋናው ሥጋት ቅዝቃዜ ስለሆነ፣ ውሃው ሲሞቅ መኖ መጨመር ተገቢ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አሠራር በመተማና በአካባቢው ቆላ እንዳለ ሊወሰድ እንደማይገባ ማሳየት ነው።

የውሃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ የቆሮሶ (የናይል ቲላፒያ) የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፤ 16 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መመገቡን ያቆማል ለማለት ይቻላል። ከ27 እስከ 32 ዲግሪ ባለው ሙቀት ምግቡ በፍጥነት ስለሚፈጭ ፍላጎቱም ዕድገቱም ከፍ ይላል። ሙቀቱ ከዚህ ሲያልፍ ፍላጎቱ ተመልሶ ያሽቆለቁላል።

ለዚህ አንዱ ዐቢይ ምክንያት ኦክስጅን ነው። በባሕር ወለል ከፍታ የሚገኝ ጨው አልባ ውሃ በ20 ዲግሪ በሊትር 9.1 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ በ30 ዲግሪ የሚይዘው 7.6 ገደማ ብቻ ነው። በአንጻሩ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የዓሣው የኦክስጅን ፍጆታ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ምግብ መፍጨትም ተጨማሪ ኦክስጅን ስለሚጠይቅ፣ ዓሣው ኦክስጅን ሲያጥረው መመገብን ይተዋል።

መተማ ዮሐንስ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የቀኑ የአየር ሙቀት 40 ዲግሪ የሚደርስበት ጊዜ አለ። የሽንፋ ወንዝም በበጋ ወደ ተነጣጠሉ ኩሬዎች ይለወጣል። በ2024 እ.ኤ.አ. በኔቸር መጽሔት የታተመ ጥናት፣ ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት በሽንፋ ዳር የኖሩ ሰዎች ከእንዲህ ያሉ ኩሬዎች ዓሣ እያጠመዱ ይመገቡ እንደነበር አመልክቷል። በእነዚህ ኩሬዎች አምባዛ ከውሃው በላይ ያለውን አየር በመሳብ ችግሩን ሲቋቋም፣ ቆሮሶ ግን በውሃው ውስጥ ባለው ኦክስጅን ላይ ጥገኛ ነው።

በመሆኑም በቆላ ዓሣ የሚያረባ ሰው፣ ለምሳሌ ከሰሊጥ ፋጉሎ መኖ የሚያዘጋጅ ገበሬ፣ ከመመገቡ በፊት ውሃውን መለካት ይኖርበታል። ያልተበላ መኖ ሲበሰብስ የቀረውን ኦክስጅን ስለሚሻማ፣ ጉዳቱ ከገንዘብ ኪሳራ አልፎ ዓሣውን እስከ መጨረስ ይደርሳል። በኩሬ ውስጥ ኦክስጅን እጅግ የሚያንሰው ንጋት ላይ ነው፤ ስለዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ መመገብ፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ መጠኑን መቀነስ፣ የምሽት መኖን መተው፣ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው ሲያለከልኩ ደግሞ ፈጽሞ አለመመገብ ይበጃል። ቀጣዩ የምርምር ሥራ በጠዋትና በከሰዓት የውሃ ሙቀት ላይ የተመሠረተ፣ ለቆላው የሚስማማ የአመጋገብ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ሊሆን ይገባል።