በሌሎች እጅ ያለ ገንዘብ፦ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንና የዎንጋ ጉዳይ

የሃይማኖት ተቋማት የገንዘብ ምደባቸውን ከእምነታቸው ጋር ለማስማማት አዘውትረው የሚጠቀሙበት ስልት ማግለል ነው፤ በቁማር፣ በጦር መሣሪያ ወይም በአራጣ የሚተዳደር ኩባንያ አክሲዮን አይገዛም። ስልቱ የሚሠራው ግን ምርጫው በባለገንዘቡ እጅ እስከሆነ ድረስ ነው። በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ላይ የደረሰው ይህን ገደብ በግልጽ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2013 የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢ፣ ዎንጋ የተባለውን የአጭር ጊዜ አበዳሪ ድርጅት በውድድር ከገበያ ለማስወጣት ቤተ ክርስቲያናቸው የቁጠባና ብድር ማኅበራትን እንደምትደግፍ አስታወቁ። የድርጅቱ ዓመታዊ የወለድ ምጣኔ ሲሰላ 5,853 በመቶ ይደርስ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የቤተ ክርስቲያኗን ሀብት የሚያስተዳድሩት ኮሚሽነሮች በአንድ የቬንቸር ካፒታል ፈንድ በኩል የዎንጋ ባለድርሻ መሆናቸው ይፋ ሆነ። ድርሻው 75,000 ፓውንድ ገደማ ነበር፤ ከ5 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ከሆነው ጠቅላላ ሀብት አንጻር ኢምንት ነው። ቀደም ሲል በነዳጅ ኩባንያ የፋይናንስ ኃላፊ የነበሩት ሊቀ ጳጳስ ሁኔታው እንዳሳፈራቸው አልሸሸጉም።

ጉዳዩን በግብዝነት ብቻ መተርጎም ዋናውን ነጥብ ያስታል። መመሪያው ነበረ፤ ከገቢው ከ25 በመቶ በላይ የሚሆነውን በከፍተኛ ወለድ ከማበደር የሚያገኝ ኩባንያ የተከለከለ ነበር። ዎንጋ በቀጥታ ለግዢ ቢቀርብ ኖሮ ይህን ወንፊት አያልፍም ነበር። በጋራ ፈንድ ውስጥ ግን የብዙዎች ገንዘብ ይቀላቀላል፤ የሚገዛውን የሚመርጠውም ሥራ አስኪያጁ ነው። ኮሚሽነሮቹ ዎንጋን ብቻ ነጥለው መሸጥ ስለማይችሉ፣ ለመውጣት የቬንቸር ካፒታል ድርሻቸውን በሙሉ በሚሊዮኖች ፓውንድ ኪሳራ መሸጥ ሊኖርባቸው ነበር። ከዚሁ ሀብት የካህናት ጡረታ ይከፈላል። ስለዚህ ክርክሩ በንጽሕናና በትርፍ መካከል ብቻ አልነበረም፤ አንዱ የሥነ ምግባር ግዴታ ከሌላው ጋር ተጋጭቷል። ድርሻው የተወገደው ከአንድ ዓመት በኋላ በጁላይ 2014 ሲሆን፣ ኮሚሽነሮቹ ከዎንጋ ምንም ትርፍ አለማግኘታቸውን ገልጸዋል። ዎንጋ ራሱ በ2018 ከሰረ፤ ለውድቀቱ በቅርብ ምክንያትነት የሚጠቀሰውም የደንበኞች የካሳ ጥያቄ ብዛት እንጂ የማኅበራቱ ውድድር አይደለም።

ከነዳጅ ኩባንያዎች ጋር የነበረው ግንኙነት የተለየ ነው። ኮሚሽነሮቹ በስማቸው አክሲዮን ስለነበራቸው በባለአክሲዮኖች ጉባኤ ድምፅ ይሰጡ፣ አመራሩንም ይሞግቱ ነበር፤ ሙግቱ በቂ ውጤት አላመጣም ብለው ሲያምኑም በ2023 ሼልንና ቢፒን ጨምሮ ታላላቅ ኩባንያዎችን ከዝርዝራቸው አስወጡ። በቬንቸር ፈንዱ ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅም ሆነ የብቻ መውጫ አልነበራቸውም። በእንዲህ ዓይነቱ ፈንድ የሥነ ምግባር ጥያቄው መነሣት ያለበት ውሉ ከመፈረሙ በፊት ነው፤ ባለገንዘቡ ከአንድ ግዢ ራሱን የማግለል መብት የሚያገኘው በውሉ አንቀጽ ውስጥ ካስገባው ብቻ ነውና።