ዳንኤል በባቢሎን፦ በውጭ ሀገር ለሚማሩ ልጆቻችን

አንድ ወጣት ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ወደ ውጭ ሀገር ሲሄድ ወላጆቹ ድግስ ያሰናዳሉ፤ ቆሞሱ ይባርኩታል፤ ምእመናንም «እግዚአብሔር ይከተልህ» ብለው ይሸኙታል። ይህ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ከሽኝቱ በኋላ ባሉት ወራት ያ ልጅ እንዴት እንደ ሰነበተ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የዚህ ትምህርት ዓላማ በባዕድ ሀገር ተደላድሎ መማር ምን እንደሚጠይቅ በቅዱስ መጽሐፍ ብርሃን መመልከትና የላኪዋን ቁምስና ድርሻ ማመልከት ነው።

1. ከዳንኤል የምንማረው

የትንቢተ ዳንኤል መጀመሪያ ምዕራፍ ስለ አራት ወጣቶች ይተርካል። ዳንኤል፣ አናንያ፣ ሚሳኤልና አዛርያ ከኢየሩሳሌም ተማርከው በባቢሎን የከለዳውያንን ቋንቋና ጽሕፈት ለ3 ዓመት እንዲማሩ ተመደቡ (ዳን. 1፡4-5)። ምርኮኞች ስለ ነበሩ እንደ ዛሬ ተማሪዎች ወደው አልሄዱም። ሆኖም ያጋጠማቸው ነገር ለልጆቻችን እንግዳ አይደለም፤ ቋንቋው ሌላ፣ ማዕዱ ሌላ፣ የሚጠሩበት ስም እንኳ ሌላ ሆነባቸው።

ሦስት ነገር እናስተውል። በመጀመሪያ፣ የባዕድ ትምህርት ነው ብለው አልናቁም፤ ተግተው ተማሩ፣ እግዚአብሔርም ዕውቀትንና ማስተዋልን ሰጣቸው (1፡17)። ሁለተኛ፣ ዳንኤል በንጉሡ ማዕድ እንዳይረክስ በልቡ ወሰነ፤ ውሳኔውን ግን በጠብ ሳይሆን በትሕትና አቀረበ፤ ለ10 ቀን እንዲፈትኗቸውም ለመነ (1፡8-12)። ሦስተኛ፣ ብቻውን አልቆመም፤ ሦስት ወንድሞች ነበሩት። በሸመገለ ጊዜም በቀን ሦስት ጊዜ መስኮቱን ወደ ኢየሩሳሌም ከፍቶ ይጸልይ ነበር (6፡10)። እንግዲህ መደላደል ማለት የመጡበትን መርሳት አይደለም፤ የሄዱበትን መጥላትም አይደለም።

2. የአባ ተስፋ ጽዮን አብነት

ከእኛም ወገን ምሳሌ አለን። በ16ኛው መቶ ዓመት የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ሮም ደርሰው ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ በስተጀርባ በሚገኘው የኢትዮጵያውያን ገዳም በቅዱስ እስጢፋኖስ ተቀመጡ። የሀገሩን ቋንቋ ተማሩ፤ ከሊቃውንቱም ጋር ተወዳጁ። በ1548 እና በ1549 (እ.ኤ.አ.) ከጓደኞቻቸው ጋር ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተሙ። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ስሕተቱ ይቅርታ ሲጠይቁ፣ አታሚዎቹ ግእዝ ማንበብ እንዳልቻሉ፣ እነርሱም ማተም እንዳላወቁ፣ ስለዚህ ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ እንደ ተረዳዱ ይናገራሉ። እንግዳ ተማሪ ሊይዘው የሚገባ ትሕትና ይህ ነው፤ የማያውቀውን ሳያፍር ይጠይቃል፣ ያለውንም ሳይሰስት ይሰጣል።

በኋላም ር.ሊ.ጳ. ቤነዲክቶስ 15ኛ በ1919 በዚያው ስፍራ የኢትዮጵያ ኮሌጅን መሠረቱ፤ ተከታያቸው ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ በቫቲካን የአትክልት ስፍራ ውስጥ አዲስ ሕንጻ አሠሩለት። ለክህነት የሚማሩ ወንድሞቻችን በዚያ አበው፣ ጓደኞችና የጸሎት ሰዓት ያገኛሉ። ምእመን ተማሪ ግን ይህን ሁሉ ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት።

3. በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያጋጥም

ጣልያንን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ተማሪው በገባ በ8 የሥራ ቀናት ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት አለበት። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆን እንኳ የመሥሪያ ቤቱና የገበያው ቋንቋ ጣልያንኛ ነው። ብዙው ፈተና የቃል ነው፤ ውጤቱ ከ30 ይታሰባል፣ ማለፊያው 18 ነው። በእኛ ዘንድ በታላቅ ፊት አንገትን ዝቅ አድርጎ በአጭሩ መመለስ ጨዋነት ነው፤ በዚያ ግን መምህሩ ይህን አለማወቅ አድርጎ ሊቈጥረው ይችላል። ስለዚህ ተማሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ ማስረዳትን አስቀድሞ ከጓደኛ ጋር ይለማመድ።

በዓላትም ይፈትኑታል። እኛ ልደትን በምናከብርበት በጃንዋሪ 7 ቀን በዚያ የበዓሉ ዕረፍት አብቅቷል፤ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ተመልሷል። ቤተሰቡ በአንድ ማዕድ ሲሰበሰብ እርሱ ብቻውን ለፈተና ያጠናል። እንዲህ ባለው ቀን የሚጠራው ሰው ከሌለ ኀዘን ይጫነዋል፤ ከቅዳሴም ቀስ በቀስ ይርቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የተሰወረ ውድቀት ነው። ወላጅ በሬ ሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ ልኮታል። ልጁ በመጀመሪያው ፈተና ሲወድቅ አባቱ በስልክ «ትምህርት እንዴት ነው?» ይሉታል፤ እርሱም «ደኅና ነው» ይላል። ያቺ አንዲት ቃል ሌላ ሐሰት ትወልዳለች። ገንዘብ እንዲልክም ከተጠበቀ፣ ሕጉ ለተማሪ ከፈቀደው በሳምንት 20 ሰዓት አልፎ ለመሥራት ይፈተናል፤ ጥናቱም ይጐዳል። ልጁ ዋሽቷል፤ ነገር ግን እውነቱን ለመናገር በር ከፍተንለት ነበርን? «ብትወድቅም ልጃችን ነህ» የሚል ቃል ከሽኝቱ በፊት ቢሰማ ኖሮ ምናልባት ባልዋሸ ነበር።

4. የቁምስና ድርሻ

2ኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ፣ እረኞች ካቶሊካውያን ባልሆኑ ዩኒቨርሲቲዎች ለሚማሩ ልጆቻቸው መንፈሳዊ እንክብካቤ እንዲያደርጉ ያሳስባል። በእኛም ቁምስናዎች የሚከተሉት ሊደረጉ ይችላሉ፦

ሀ) ከመሄዱ በፊት ካቴኪስቱ ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 1ን ከተማሪው ጋር ያንብብ፤ ንስሐ ገብቶ ቅዱስ ቁርባን እንዲቀበልም ያዘጋጀው።

ለ) ቆሞሱ የጥምቀትና የሜሮን ምስክር ወረቀት፣ ለሚደርስበት ቁምስናም የአደራ ደብዳቤ ይስጡት። ተማሪው በግእዝ ሥርዓት ያደገ ቢሆንም፣ የግእዝ ቅዳሴ በአቅራቢያው ካላገኘ በላቲን ሥርዓት መቀደስ የገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሴ መሆኑን ይወቅ።

ሐ) ከምእመናን አንድ ሰው በየወሩ እንዲደውልለት ይመደብ፤ በበዓል ቀንም አይርሳው። ስለ ውጤቱ ከመጠየቁ በፊት ስለ ጤናው፣ ስለ ጓደኞቹና ስለ ጸሎቱ ይጠይቀው።

መ) ወላጆች በመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ እንዳይጠይቁት ይመከሩ።

ለውይይት

1. ዳንኤል የተቀበለው ምንድን ነው? እምቢ ያለውስ?
2. ከቁምስናችን ወጥተው በሩቅ የሚማሩ እነማን ናቸው? በመጨረሻ ያነጋገርናቸው መቼ ነው?
3. ልጆቻችን ውድቀታቸውን ለእኛ ለመንገር የሚፈሩት ለምንድን ነው?

ዳንኤልን በባዕድ ሀገር የጠበቀ አምላክ ልጆቻችንን በሄዱበት ይጠብቅልን፤ እኛንም ለአደራችን የታመንን ያድርገን። አሜን።