ነዳጅ የሚያበዛ ሞተር፦ ከፍታው ነው ወይስ ሴንሰሩ?

ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ የሚወስደው የአፍሪካ ጎዳና በሚጨናነቅበት ሰዓት ኦሎምፒያ አካባቢ ቆሞ የተመለከተ ሰው፣ ከአንዳንድ አሮጌ የቤት መኪኖች ጥቁር ጭስ ሲወጣ ማየቱና ያልተቃጠለ ቤንዚን ማሽተቱ አይቀርም። ባለቤቶቻቸው «መኪናዬ ቤንዚን ትበላለች» ይላሉ። ለችግሩ የሚሰጠው መልስም በአብዛኛው ከሁለቱ አንዱ ነው። አንደኛው «አዲስ አበባ ከፍታ ስለሆነች ነው» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ካንዴላውን፣ ኢንጀክተሩንና ሴንሰሩን በየተራ መቀየር ነው። የመጀመሪያው መልስ እውነት የሚሆነው ለአንዳንድ ሞተሮች ብቻ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ገንዘብ ያስወጣል እንጂ ምክንያቱን አያሳይም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ማስታወቁ ይታወሳል። በመሆኑም ቀደም ሲል የገቡት መኪኖች ገና ለብዙ ዓመታት ሲጠገኑ ይኖራሉ። በዚህ ጽሑፍ ነዳጅ በኢንጀክተር የሚረጩ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተሠሩ ሞተሮች ነዳጅ ሲያበዙ ምክንያቱ በምን ዘዴ እንደሚገኝ እንመለከታለን።

ነዳጅ በዛ ሲባል ምን ማለት ነው?

ከቤንዚን ክፍሎች አንዱ የሆነውን ኦክቴንን እንውሰድ። አንድ የኦክቴን ሞለኪውል ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 12.5 የኦክሲጅን ሞለኪውሎች ያስፈልጉታል። በክብደት ሲሰላ 114 ግራም ኦክቴን 400 ግራም ኦክሲጅን ይፈልጋል ማለት ነው። ከአየር ክብደት ውስጥ ኦክሲጅን 23 በመቶ ያህል ስለሆነ፣ የሚያስፈልገው አየር 1,740 ግራም ገደማ ይሆናል። ይህም ለ1 ግራም ነዳጅ 15 ግራም አየር መሆኑ ነው። ቤንዚን የብዙ ውህዶች ድብልቅ በመሆኑ በተግባር የሚወሰደው ቁጥር 14.7 ነው።

አየሩ ከዚህ መጠን ሲያንስ ካርቦኑ በሙሉ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለወጥ አይችልም። ከፊሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ከፊሉም ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከደም ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ነው። ስለዚህ ነዳጅ የሚያበዛ መኪና የሚጎዳው የባለቤቱን ኪስ ብቻ ሳይሆን፣ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራውን መካኒክና በመንገድ ዳር የሚቆመውን እግረኛ ጭምር ነው።

ከፍታው ጥፋተኛ ነውን?

ኦሎምፒያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል። በባሕር ጠለል ላይ 101 ኪሎፓስካል የሆነው የአየር ግፊት በዚህ ሥፍራ ወደ 77 ኪሎፓስካል ዝቅ ይላል። በእኩል የሙቀት መጠን የአየሩ እፍጋትም በዚያው ልክ ወደ 76 በመቶ ይወርዳል።

ካርቡራተር ይህን ለውጥ በትክክል መከተል አይችልም። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራተር የሚሰጠው ትርፍ ነዳጅ ከእፍጋት ጥምርታው ካሬ ሥር ጋር የተያያዘ ነው። አንድን ለ0.76 አካፍለን ካሬ ሥሩን ብናወጣ 1.15 ገደማ እናገኛለን። ስለዚህ ካርቡራተሩ ካልተስተካከለ ነዳጁ 15 በመቶ ያህል ይበዛል። አየር በሚገፋው ሳንቃ አማካይነት የሚለኩ አንዳንድ ቀደምት የኢንጀክሽን ሥርዓቶችም፣ የከፍታ ማስተካከያ ከሌላቸው ተመሳሳይ ስሕተት ይፈጽማሉ።

በአንጻሩ በብዙ የጃፓን መኪኖች ላይ የሚገኘው ሥርዓት በአየር ማስገቢያ ቱቦው ውስጥ ያለውን ፍጹም ግፊት ይለካል። አየሩ ሲሳሳ ግፊቱም ስለሚቀንስ ኮምፒዩተሩ ነዳጁን በራሱ ይቀንሳል። እንዲህ ዓይነቱ ሞተር አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ ካበዛ ምክንያቱ ከፍታው አይደለም፤ ሌላ ብልሽት መኖር አለበት። በቆሻሻ የተደፈነ የአየር ፊልትሮም ኃይል ይቀንስበታል እንጂ፣ ግፊቱ የሚለካው ከፊልትሮው በኋላ በመሆኑ ነዳጅ አያበዛበትም።

ትእዛዝ ወይስ እምቢታ?

ምርመራውን የሚያቀልለው አንድ ጥያቄ ነው። ኮምፒዩተሩ ብዙ ነዳጅ እንዲረጭ አዝዟል? ወይስ ካዘዘው በላይ እየገባ ነው? የመጀመሪያው ከሆነ ኮምፒዩተሩ በተሳሳተ መረጃ እየሠራ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ከሆነ ግን ብልሽቱ ያለው በነዳጅ መስመሩ ላይ ነው። ኮምፒዩተሩ በዋናነት የሚያዳምጣቸው ሦስት ምስክሮች የሚከተሉት ናቸው።

1. የግፊት ሴንሰር። ወደ ሴንሰሩ የሚሄደው ቀጭን የጎማ ቱቦ ቢሰነጠቅ ወይም ቢወልቅ፣ ሴንሰሩ የሚለካው የውጭውን አየር ግፊት ይሆናል። ኮምፒዩተሩም ሞተሩ በሙሉ ጭነት ላይ ያለ ስለሚመስለው ነዳጁን በእጅጉ ይጨምራል።

2. የማቀዝቀዣ ውሃ ሙቀት ሴንሰር። ሙቀት ሲጨምር የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይቀንሳል። በቶዮታ መኪኖች ለምሳሌ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ከ200 እስከ 400 ኦም ይሆናል። ቀዝቃዛ ሞተር ተጨማሪ ነዳጅ ስለሚያስፈልገው፣ የተቃውሞው መጠን ከፍ ብሎ ከቀረ ነዳጁም በዝቶ ይቀራል።

3. የኦክሲጅን ሴንሰር። በጭስ ማውጫው ላይ የተገጠመ ሲሆን ከ300 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ይሠራል። ነዳጅ ሲበዛ ወደ 0.9 ቮልት፣ አየር ሲበዛ ወደ 0.1 ቮልት ያሳያል። በጤነኛ ሞተር ላይ ንባቡ በሁለቱ መካከል ያለማቋረጥ ይመላለሳል።

የምርመራው ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ ምልክቱን ማረጋገጥ ይገባል። ጥቁር ጭስና በደረቅ ጥቀርሻ የተሸፈነ ካንዴላ የነዳጅ መብዛት ምልክት ሲሆኑ፣ ሰማያዊ ጭስ ግን የዘይት መቃጠልን ያመለክታል።

ቀጥሎ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉን ብቻ ከፍቶ የግፊት ሴንሰሩን ማንበብ ያስፈልጋል። ኦሎምፒያ ላይ ትክክለኛው ንባብ 77 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። ለባሕር ጠለል የተዘጋጀ የጥገና መጽሐፍ ይዞ 101 የሚጠብቅ መካኒክ ጤነኛውን ሴንሰር ይጥላል። በተቃራኒው እዚህ 101 የሚያሳይ ሴንሰር ሐሰተኛ ምስክር ነው። ሞተሩ ተነሥቶ በሚኒሞ ሲሠራ ንባቡ ከ30 እስከ 40 ኪሎፓስካል መውረድ ይኖርበታል።

በሦስተኛ ደረጃ የሙቀት ሴንሰሩን ተቃውሞ በቴስተር መለካት፣ ቴርሞስታቱንም መፈተሽ ነው። ቴርሞስታቱ ወጥቶ የተጣለበት ሞተር በበቂ ሁኔታ አይሞቅም። በዚህ ጊዜ ሴንሰሩ እውነቱን ቢናገርም ኮምፒዩተሩ ነዳጅ መጨመሩን አያቆምም።

በአራተኛ ደረጃ የነዳጁ ግፊት ይለካል። በቶዮታ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ላይ የግፊት መቆጣጠሪያው የጎማ ቱቦ ተነቅሎ ሲለካ ከ265 እስከ 304 ኪሎፓስካል ይሆናል። ከዚህ ከበለጠ የነዳጁ መመለሻ ቱቦ መደፈኑን ወይም መቆጣጠሪያው መበላሸቱን መጠርጠር ይገባል። በተነቀለው ቱቦ ውስጥ ቤንዚን ከተገኘ የመቆጣጠሪያው ሽፋን ተቀድዷል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ግፊቱ ቶሎ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ከሚጠረጠሩት አንዱ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ነው። ይህ ሥራ ከእሳት ርቆና አየር በሚዘዋወርበት ቦታ መከናወን አለበት።

በመጨረሻ የኦክሲጅን ሴንሰሩ ቃል ከካንዴላው ጋር ይነጻጸራል። ካንዴላው ጠቁሮ ሴንሰሩም በ0.8 ቮልት ላይ ከቆመ ሁለቱ ምስክሮች ተስማምተዋል፤ ሴንሰሩን መቀየር ጥቅም የለውም። ካንዴላው ጠቁሮ ሴንሰሩ 0.1 ቮልት ካሳየ ግን ሴንሰሩ ሞቷል፣ ወይም የጭስ ማውጫው ተሰንጥቆ የውጭ አየር ያስገባል፣ ወይም አንዱ ሲሊንደር እሳት እየሳተ ነው። እሳት በሳተ ሲሊንደር ውስጥ ያልተቃጠለው ኦክሲጅን ከነቤንዚኑ ይወጣል። ሴንሰሩ የሚያውቀው ኦክሲጅንን ብቻ በመሆኑ «ነዳጅ አንሷል» ብሎ ያሳውቃል፤ ኮምፒዩተሩም ይጨምራል።

አንድ ምሳሌ

የሚከተለውን ሁኔታ እናስብ። የሞቀ ሞተር ጥቁር ጭስ ያወጣል። የግፊት ሴንሰሩ ሞተሩ ሳይነሣ 77፣ በሚኒሞ 34 ኪሎፓስካል ያነባል። የነዳጁ ግፊት 285 ኪሎፓስካል ሲሆን ሞተሩ ሲጠፋም አይወርድም። የኦክሲጅን ሴንሰሩ በ0.8 ቮልት ላይ ቆሟል። የሙቀት ሴንሰሩ በራሱ ጫፎች ላይ ሲለካ 300 ኦም፣ ከኮምፒዩተሩ በተነቀለው ሶኬት በኩል ሲለካ ግን 2,300 ኦም ሆኖ ተገኘ።

የ2,000 ኦሙ ልዩነት የመጣው ከዛገ የሽቦ መገናኛ ነው። በዚህም ምክንያት ኮምፒዩተሩ ከ80 ዲግሪ በላይ የሞቀውን ሞተር 20 ዲግሪ ገደማ ያለ ይመስለዋል። ሽቦው ፈጽሞ ተበጥሶ ቢሆን ኖሮ ኮምፒዩተሩ ብልሽቱን አውቆ የማስጠንቀቂያ መብራቱን ያበራ ነበር። 2,300 ኦም ግን የቀዝቃዛ ሞተር ትክክለኛ ንባብ ስለሆነ ጥርጣሬ አያሳድርም። ከዚህም በላይ ኮምፒዩተሩ ሞተሩ መሞቁን ሳያረጋግጥ የኦክሲጅን ሴንሰሩን ቃል አይቀበልም። እውነቱን የሚናገረው ምስክር እያለ አድማጭ አጣ ማለት ነው። መፍትሔውም መገናኛውን ማጽዳት ወይም መቀየር ብቻ ነው።

ከዚህ ምሳሌ እንደምንረዳው በዚህ መኪና ላይ ካንዴላው፣ ኢንጀክተሩና የኦክሲጅን ሴንሰሩ በሙሉ ቢቀየሩም ጭሱ አይጠፋም ነበር። ስለሆነም ዕቃ ከመቀየር በፊት እያንዳንዱን ምስክር በሌላው ማረጋገጥ፣ የሚጠበቀውንም ቁጥር ለሚለካበት ቦታ ከፍታ አስልቶ መያዝ ያስፈልጋል።

ለአንባቢ የቀረበ ጥያቄ፦ ይኸው ሞተር ወደ አዋሽ ሸለቆ ቢወርድ፣ ቁልፉ ብቻ ተከፍቶ የሚገኘው የግፊት ንባብ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ግፊት የሚለካው ሥርዓትና ለአዲስ አበባ የተስተካከለ ካርቡራተርስ በዚያ ነዳጅ ያበዛሉ ወይስ ያሳንሳሉ? ምክንያቱን በስሌት አስረዱ።