ባልየውስ የት አለ? ልጅ ፈልገው ለሚመጡ ጥንዶች ስለሚደረግ ምክክርና ምርመራ

እንደሚታወቀው በሚድዋይፈሪ ትምህርታችን አብዛኛው ሰዓት የሚሄደው ለእርግዝና ክትትል፣ ለማዋለድና ለቤተሰብ ምጣኔ ነው፡፡ ልጅ ፈልገው ስላጡ ሰዎች የተማርነው ግን በጥቂት ክፍለ ጊዜ ያለቀ ነበር፡፡ አታችመንት ስንወጣ እነዚህ ሰዎች በየቀኑ ይመጣሉ፡፡ ወላድ በድባብ ትሂድ በሚባልበት አገር ያልወለደችው በምን ትሂድ ብሎ የሚጠይቅ ስለሌለ ነው መሰል፣ ብዙዎቹ የሚመጡት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው፡፡ የሚመጡትም ብቻቸውን ነው፡፡

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ የራሴ ስህተት ነው፡፡ በተመላላሽ ክፍል ውስጥ የ31 ዓመት ሴት ታሪክ እንድወስድ ተመደብኩ፡፡ ካገባች አራት ዓመቷ ነው፤ ካርዷ በወረቀት አብጧል፡፡ አልትራሳውንድ አምስት ጊዜ፣ የሆርሞን ምርመራ ሦስት ጊዜ፣ የማህፀን ቱቦ ራጅ ሁለት ጊዜ ተነስታለች፡፡ ሁሉንም በጥንቃቄ ገለበጥኩና ቅጹ ላይ «ባል» የሚለው ቦታ ስደርስ «ስራ ላይ ነው» ስላለችኝ ሰረዝ አድርጌ አለፍኩት፡፡ ተቆጣጣሪያችን ሲስተር ወረቀቱን አይታ «ባልየውስ?» አለችኝ፡፡ መልስ አልነበረኝም፡፡ «ሰረዝ እኮ ምርመራ አይደለም» ብላ መለሰችልኝ፡፡

ባልየው ከሁለት ሳምንት በኋላ ተጠርቶ መጣ፡፡ ናሙናው ውስጥ አንድም የዘር ህዋስ (ስፐርም) አልተገኘም፡፡ አራት ዓመት ሙሉ ስትመረመር የኖረችው ሴትየዋ ነበረች፡፡

ለመሆኑ ምርመራ መቼ ይጀመር?

የዓለም ጤና ድርጅት መካንነትን የሚተረጉመው አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ያለ መከላከያ የዘወትር ግንኙነት እየተደረገ እርግዝና አለመኖር ብሎ ነው፡፡ ትርጉሙ ላይ ሴቷ ብቻ የሚል ቃል የለም፡፡ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከስድስት አዋቂ ሰዎች አንዱ ገደማ በሕይወት ዘመኑ ይህ ችግር ይገጥመዋል፡፡ ሴቷ 35 ዓመት ካለፋት ስድስት ወር መጠበቅ ይበቃል፤ 40 ካለፋት ግን ምንም ሳይጠበቅ ይጀመራል፡፡ የወር አበባዋ በየሦስት በየአራት ወሩ የሚመጣ ከሆነ፣ ወይም ባልየው በልጅነቱ ቆለጡ ያልወረደ ከነበረ ደግሞ ዓመቱን ቁጭ ብሎ መቁጠር ትርጉም የለውም፡፡

በሌላ በኩል የሚቸኩሉም አሉ፡፡ በተጋቡ በአራት ወር አማት ይዛት የምትመጣ ሙሽራ አይተናል፡፡ ሴቷ ወጣት ከሆነች ከመቶ ጥንዶች ከ80 በላይ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ ያረግዛሉ፤ ከቀሩትም ግማሽ ያህሉ በሁለተኛው ዓመት፡፡ እዚህ ላይ ለኛ አገር በተለይ የሚጠቅም ጥያቄ አለ፤ የሦስት ወሩን መርፌ (ዴፖ) ትወስድ ነበር ወይ? ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እርግዝና እስኪመጣ በአማካይ አሥር ወር ገደማ ይፈጃል፤ አንዳንዷ ላይ ከዚያም ይረዝማል፡፡ መርፌው መካን አያደርግም፤ ያዘገያል፡፡ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትሰማ ስንቷ ወደ ውድ ምርመራ ሄዳለች!

የመጀመሪያው ምክክር

ጥሩ ታሪክ መውሰድ ራሱ ግማሽ ምርመራ ነው፡፡ ከሴቷ የወር አበባዋ ስንት ቀን እየቆየ እንደሚመጣ፣ ሕመሙን፣ ከዚህ በፊት ማርገዝና ማስወረድን፣ የታችኛው ሆድ ሕመምና ፈሳሽ ኖሯት እንደሆነ፣ ሳትወልድ ከጡቷ ወተት ይወጣ እንደሆነ፣ እንቅርት እንዳለባት እንጠይቃለን፡፡ ከወንዱ ደግሞ ጆሮ ደግፍ ታሞ ቆለጡ አብጦ ነበር ወይ፣ የብሽሽት ኦፕራሲዮን ተደርጎለታል ወይ፣ ጨብጥ ይዞት ያውቃል ወይ፣ ከሌላ ሴት ልጅ አለው ወይ እንላለን፡፡ ጂም ለሚሰሩት አንድ ጥያቄ መጨመር ይገባል፡፡ ጡንቻ ለማሳደግ የቴስቶስትሮን መርፌ የሚወስድ ወንድ ጠንካራ ይመስለዋል እንጂ መድኃኒቱ ከአንጎል ወደ ቆለጥ የሚሄደውን ትዕዛዝ ስለሚያቋርጥ የዘር ህዋስ መመረቱን ሊያቆመው ይችላል፡፡ ሲተወው አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ ወራት ግን ይወስዳል፡፡

ስለ ግንኙነት መጠየቅ እናፍራለን፡፡ ነገር ግን ሹፌር የሆነና በወር አንዴ ቤቱ የሚያድር ባል ያላት ሴት ሆርሞኗ ቢለካ ምን ይጠቅማል? ለእርግዝና የሚሆኑት ቀናት እንቁላሏ የሚወጣበት ዕለትና ከዚያ በፊት ያሉት አምስት ቀናት ናቸው፡፡ የወንዱ ዘር በማህፀን ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሲቆይ እንቁላሉ ግን ከአንድ ቀን አያልፍም፡፡ ስለዚህ ቀን እየቆጠሩ ከመጨነቅ በየሁለት በየሦስት ቀኑ መገናኘት ይበቃል፡፡

ጥንዶቹን አብሮ ማነጋገር አስፈላጊ ቢሆንም እያንዳንዳቸውን ለየብቻ የምናነጋግርበት ጥቂት ደቂቃ መኖር አለበት፡፡ ባሏ የማያውቀው ውርጃ ሊኖራት ይችላል፤ እሱም ሚስቱ የማታውቀው ልጅ ሊኖረው ይችላል፡፡ በዚያው ቀን ውጤቱ ለማን፣ እንዴት እንደሚነገር መስማማትም ይገባል፡፡ የባልን ውጤት ሚስት ከላቦራቶሪ መስኮት ተቀብላ ይዛ እንድትሄድ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ልክ ግን አይደለም፡፡ የእሱ ውጤት የእሱ ሚስጥር ነው፡፡ እሷስ ብትሆን ያንን ወረቀት ይዛ ቤት ስትገባ ምን እንደሚጠብቃት እናውቃለን?

ጠበል ስለሚሄዱትም አንድ ነገር ልበል፡፡ መከልከል የኛ ስራ አይደለም፤ ከከለከልን አይመለሱም፡፡ የሚጠጣ የባህል መድኃኒት ካለ ግን ማወቅ አለብን፡፡ ፎሊክ አሲድ በቀን 0.4 ሚሊ ግራም ለሴቷ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መስጠትም እዚሁ ላይ ይታሰብ፤ ርካሽ ነው፣ እርግዝናው ሲመጣ የሕፃኑ ህብለ ሰረሰር ክፍት ሆኖ እንዳይቀር ይረዳል፡፡

የባል ምርመራ ለምን ይቅደም?

ከጥንዶቹ ግማሽ በሚጠጉት ላይ የወንዱ ጉዳይ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደምሮ አለበት፡፡ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ደግሞ መርፌ የለውም፣ ራጅ የለውም፣ አያምም፣ ከሴቷ ምርመራዎች ጋር ሲነፃፀርም ርካሽ ነው፡፡ ቀላሉ ምርመራ ሳይሰራ ሴቷን ለከባዱ መላክ በየትኛውም ሂሳብ አያስኬድም፡፡

አሰራሩ ቀላል ቢሆንም በአግባቡ ካልተነገረው ውጤቱ ይበላሻል፡፡ ከግንኙነትም ሆነ በራስ ከማውጣት ከሁለት እስከ ሰባት ቀን መታቀብ አለበት፡፡ ናሙናው ንፁህ በሆነ አፈ ሰፊ ዕቃ ይወሰዳል፤ በተራ ኮንዶም አይሆንም፣ ብዙው ኮንዶም የዘር ህዋስን የሚጎዳ ነገር አለበት፡፡ ሳሙና፣ ቅባት ወይም ምራቅ መጠቀም አይገባም፡፡ የመጀመሪያው ጠብታ አብዛኛውን ህዋስ የያዘ ስለሆነ ከፈሰሰበት አፍሮ ዝም እንዳይል አስቀድመን እንንገረው፡፡ ከቤት የሚያመጣ ከሆነ እንዳይቀዘቅዝ ሰውነቱ አጠገብ ይዞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ማድረስ አለበት፡፡ ተቋሙ ውስጥ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ የሚቆለፍ ክፍል ያስፈልገዋል፡፡ ሰው የሚመላለስበት ሽንት ቤት እያሳየን «ባሎች እምቢ ይላሉ» ማለት ለኔ ሐቀኝነት አይመስለኝም፡፡

ውጤቱ ሲመጣ የሚያወዛግበው ቁጥሩ ነው፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት የላቦራቶሪ መመሪያ ስድስተኛ እትም (እ.ኤ.አ. 2021) ዝቅተኛ ማነፃፀሪያ አድርጎ ያስቀመጠው መጠኑን 1.4 ሚሊ ሊትር፣ የህዋሱን ብዛት በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን፣ በጠቅላላው ናሙና 39 ሚሊዮን፣ የሚንቀሳቀሰውን 42 በመቶ፣ ወደፊት የሚሄደውን 30 በመቶ፣ ቅርጹ የተስተካከለውን 4 በመቶ ነው፡፡ በ1999ኙ እትም ብዛቱ 20 ሚሊዮን፣ በ2010ሩ ደግሞ 15 ሚሊዮን ስለነበር ላቦራቶሪው የትኛውን እንደሚጠቀም ወረቀቱን አስተውሎ ማንበብ ያስፈልጋል፡፡

እነዚህ ቁጥሮች የተወሰዱት ልጅ ከወለዱ ወንዶች ሲሆን ከመቶው ዝቅተኞቹ አምስቱ ያሉበትን ቦታ ያመለክታሉ፡፡ ስለዚህ 14 ሚሊዮን ያለው ሰው መካን ነው፣ 18 ሚሊዮን ያለው ደግሞ አይደለም ማለት አይቻልም፡፡ «96 በመቶው ቅርጹ የተበላሸ ነው» ተብሎ የተነገረው አንድ ወንድ ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ አይቻለሁ፡፡ ይህ በደህና ወንዶች ላይም የሚታይ መሆኑን የነገረው ሰው አልነበረም፡፡ የዘር ህዋስ ተመርቶ ለመብሰል ሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚፈጅ ያለፈው ወር ኃይለኛ ትኩሳትም ውጤቱን ዝቅ ያደርገዋል፡፡ መጥፎ ውጤት ሳይደገም ፍርድ አይሆንም፡፡

ጭራሽ ህዋስ ከሌለ ናሙናው በማሽን ተሽከርክሮ ዝቃጩ ይታያል፤ ከዚያም ይደገማል፡፡ ቀጥሎ ሐኪሙ ቆለጡን ይመረምራል፣ ኤፍኤስኤችና ቴስቶስትሮን ይለካል፡፡ ቆለጡ ደህና መጠን ኖሮት ኤፍኤስኤች ካልጨመረ መንገዱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ቆለጡ አንሶ ኤፍኤስኤች ከፍ ካለ ግን ችግሩ ምርቱ ላይ ነው፡፡ የመጀመሪያው ዓይነት ብዙ ጊዜ የተሻለ ተስፋ አለው፡፡

ወደ ሴቷ ስንመጣ

በየ25 በየ35 ቀኑ ሳይዛነፍ የወር አበባ የሚመጣላት ሴት እንቁላል እያወጣች ነው ለማለት ይቻላል፡፡ ማረጋገጥ ከተፈለገ ፕሮጄስትሮን ይለካል፡፡ እዚህ ላይ የተለመደ ስህተት አለ፤ ሁሉም ሴት «በ21ኛው ቀን ነይ» ትባላለች፡፡ 21ኛው ቀን የሚሰራው ዑደቷ 28 ቀን ለሆነው ነው፡፡ መለካት ያለበት የሚቀጥለው ወር አበባ ከመምጣቱ ሰባት ቀን በፊት ስለሆነ ዑደቷ 35 ቀን የሆነችው በ28ኛው ቀን ትመጣለች፡፡ አለዚያ ደህናዋን ሴት እንቁላል አታወጣም ብለን መድኃኒት እንጀምራለን፡፡ ኤፍኤስኤች ወር አበባው በመጣ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ይለካል፤ ቲኤስኤችና ፕሮላክቲን እንደ ታሪኩ ይታዘዛሉ፡፡ ኤ.ኤም.ኤች የተባለው አሁን ብዙ የሚታዘዝ ምርመራ የቀሩትን እንቁላሎች መጠን ይጠቁማል እንጂ በተፈጥሮ ታረግዛለች አታረግዝም አይልም፡፡

የማህፀን ቱቦ ራጅ (ኤች.ኤስ.ጂ) ግን ለኛ ትልቅ ቦታ አለው፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ የበርካታ አገሮች ጥናት በአፍሪካ በኢንፌክሽን ምክንያት የሚመጣ የቱቦ መዘጋት ከሌሎች አካባቢዎች እጅግ እንደሚበልጥ አሳይቷል፡፡ ክላሚዲያ ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ቱቦ ይዘጋል፤ ንፅህና የጎደለው ውርጃና የማህፀን ቲቢም እንዲሁ፡፡ ራጁ የሚነሳው ደሙ ቆሞ እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ነው፡፡ ቁርጠት ስላለው የሕመም ማስታገሻ ቀድማ እንድትወስድ መንገር የኛ ድርሻ ነው፡፡ ቱቦው በሕመሙ ተኮማትሮ የተዘጋ ሊመስል ስለሚችልም በአንድ ፎቶ «ሁለቱም ዝግ ነው» ብሎ ማሰናበት አይገባም፡፡

ቱቦው በእርግጥ የተዘጋባት ወይም የባልዋ ውጤት በጣም ዝቅ ያለባት ሴት ወዴት ትሂድ? ቀደም ሲል አቅም ያለው ውጭ ይሄድ ወይም በግል ይታከም ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ2019 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የተከፈተው ማዕከል ከማህፀን ውጭ የማዋሃድ ሕክምናን በመንግሥት ተቋም ያስጀመረ ነው፡፡ አገሩ ሰፊ፣ ማዕከሉ ግን አዲስ አበባ በመሆኑ ታካሚዋን ሪፈር ከመፃፋችን በፊት ምርመራው የተሟላ መሆኑ ግድ ነው፡፡ የባል ወረቀት ጎድሎ ከሩቅ አገር ሄዳ የምትመለስ ሴት የመኪናውን ብቻ ሳይሆን የዕድሜዋንም ዋጋ ትከፍላለች፡፡

ባልን እንዴት እንጥራው?

«ባልሽን ይዘሽ ነይ» ማለት ቀላል ነው፡፡ ሸክሙ ግን እሷው ላይ ይወድቃል፡፡ እምቢ ካላትስ? በእርግዝና ክትትል ላይ ባልን ለኤችአይቪ ምርመራ እንደምንጋብዘው ሁሉ እዚህም በተቋሙ ስም ለእሱ የተፃፈ ወረቀት መስጠት ይሻላል፡፡ ሲመጣም ከበር ላይ «ችግሩ ያንተ ሊሆን ይችላል» አይባልም፡፡ ያቺ ሲስተር ባልየውን ስትቀበለው «ወንድሜ፣ እንኳን መጡ፤ ምርመራው የሁለታችሁ ስለሆነ ያለ እርስዎ መቀጠል አልቻልንም» ነው ያለችው፡፡ ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ ተቀመጠ፡፡ ከዚያ በፊት ለምን እንዳልመጣ ስትጠይቀው «ሲስተር፣ ማንም አልጠራኝም እኮ» አላት፡፡

ከዚያ ቀን በኋላ ታሪክ ስወስድ ቅጹን የምጀምረው ከባል ክፍል ነው፡፡ ቀጠሮ ካርዱ ላይም የሁለቱንም ስም እጽፋለሁ፡፡