ለተሳቢ ባትሪ የሚዘረጋ ሽቦ አመራረጥ

ከሸዋ ሮቢት ማሾና ሽንኩርት ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ነጋዴ 225 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ይጠብቀዋል። ከቀወት ቆላ ተነሥቶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ፣ በጣልያን ወረራ ዘመን ከተቆፈረው የጣርማ በር ዋሻ ሲደርስ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። በሌሊት ለማራገፊያ መብራት፣ በቆላው ለሚያድር ረዳት ማራገቢያ እንዲሆን በተሳቢው ላይ ሌላ ባትሪ ማኖር ጠቃሚ ነው። ባትሪው ቶሎ ቶሎ ሲደክም ግን ባለቤቱ ሻጩን ይነቅፋል፤ ሌላም ይገዛል። ጉድለቱ ብዙ ጊዜ የሽቦው ነው።

ነገሩን በሒሳብ እንመልከተው። የባለ 24 ቮልት መኪና ዲናሞ 28 ቮልት ያህል ይሰጣል። ባትሪው ከዲናሞው 10 ሜትር ቢርቅ፣ ኤሌክትሪክ ሄዶ የሚመለስ ስለ ሆነ ሽቦው 20 ሜትር ተብሎ ይታሰባል። 1 ሜትር ርዝመትና 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መዳብ 0.0175 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው። እንግዲህ ለመብራት በተለመደው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ 15 አምፔር ቢላክ 2.1 ቮልት በመንገድ ይቀራል፤ ለባትሪው የሚደርሰው 25.9 ብቻ ነው። የሊድ ባትሪ ጠግቦ ሲያርፍ በራሱ 25.4 ቮልት ያህል ስለሚይዝ፣ ይህች ትርፍ በግማሽ ቀን ጉዞ አትሞላውም። ባለ 16 ሽቦ ቢዘረጋ ግን የሚጎድለው 0.33 ቮልት ብቻ ይሆናል። ወፍራሙ ሽቦ በዋጋ እንደሚበልጥ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ንጽጽሩ መደረግ ያለበት በየጊዜው ከሚለወጠው ባትሪ ዋጋ ጋር ነው።

አስመጪዎችም ይህን ልብ ይበሉ። ላዩ መዳብ፣ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ሽቦ በገበያ አለ፤ ተቃውሞው ከንጹሕ መዳብ አንድ ተኩል እጥፍ ያልፋል። በእጅ ሲመዘን ይቀላል፤ ጫፉን በምላጭ ቢፍቁት ነጭ ይታያል። በስሙና በዋጋው ቢሸጥ ነውር የለበትም፤ መዳብ ነው ብሎ መሸጥ ግን ማታለል ነው።

ፊውዝ በሁለቱም ባትሪዎች አጠገብ ይግባ። ኃይል ከሁለቱም ወገን ስለሚመጣ፣ በአንድ ጫፍ ብቻ የገባ ፊውዝ ሽቦው ተፍቆ ብረት ቢነካ እሳቱን አያስቀርም፤ ጭነቱም ከነሸራው ሊቃጠል ይችላል። የመመለሻውን መስመር ለማያያዣው ብረት መተው አይገባም፤ አቧራና ዝገት ያደናቅፉታልና የራሱ ሽቦ ይኑረው። ደግሞም ሞተሩ ሲጠፋ ሁለቱን ባትሪዎች የሚለያይ ሪሌ ካልተደረገ፣ ማራገቢያው ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ጠዋት መኪናው አይነሣም።

ሙቀት ከ25 ዲግሪ በላይ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የሊድ ባትሪ ዕድሜ በግማሽ ያህል እንደሚያጥር ይገመታል። ስለዚህ በይፋት ቆላ የሚሠራ ሰው ባትሪውን ጥላ ባለበት፣ ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ያኑር፤ ክዳኑ የሚከፈት ከሆነም የተጣራውን የባትሪ ውሃ ከደጋው ሰው ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይመልከት። ሊቲየም ባትሪ የገዛ ግን ከዲናሞው በቀጥታ አያገናኘው፤ ለእርሱ የተሠራ ቻርጀር በመካከል ያስገባ።