የሞት ቆጠራ በድርቅ ተፈናቃዮች ሠፈር
በ1992 ዓ.ም. ከጎዴ የተገኘ ትምህርት

በድርቅ ምክንያት ከቀየው ተነሥቶ በአንድ ሥፍራ የተሰባሰበ ሕዝብ የሚያልቀው በረኃብ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ የቆየ ነው። እህል ከደረሰ ሞቱም ይቆማል ተብሎ ስለሚታመን፣ የእርዳታው ሐሳብ ሁሉ በእህሉ፣ በመኪናውና በመጋዘኑ ላይ ያርፋል። እህል አስፈላጊ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ይሁን እንጂ በመጠለያ ሠፈሮች የሞቱትን በዕድሜና በሕመም ለይተው የቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ደጋግመው ያገኙት ውጤት ነገሩን ሰፋ አድርጎ ያሳያል። የተራበው ሕፃን ብዙውን ጊዜ የሚሞተው በደከመው ሰውነቱ ላይ ኩፍኝ፣ ተቅማጥ፣ የሳንባ ምች ወይም ወባ ሲጨመርበት ነው። ከእነዚህ ውስጥ በአንድ ሠፈር ቀድሞ የሚገድለው የትኛው እንደሆነ በግምት አይታወቅም፤ መቆጠር አለበት። ከዚህ በታች የሚቀርበው ነርሶችና ሌሎች የጤና ሠራተኞች ከቤት ቤት እየዞሩ ስለሚያካሂዱት ስለዚሁ ቆጠራ ነው።

ቆጠራው በሁለት ቁጥሮች ላይ ይቆማል፤ እነርሱም በሠፈሩ ያለው የሕዝብ ብዛትና በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የሞቱት ሰዎች ብዛት ናቸው። የሟቾች ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ለምሳሌ በሳምንት ውስጥ 56 ሰው ሞተ ቢባል፣ ሠፈሩ 200,000 ሕዝብ የያዘ ከሆነ ነገሩ ከወትሮው ያልወጣ ሊሆን ይችላል፤ 20,000 ብቻ የያዘ ከሆነ ግን መቅሠፍት ነው። ስለዚህ የሞቱ መጠን የሚገለጸው ከ10,000 ሰው በቀን ስንት ሞተ እየተባለ ነው። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ 56ቱ ለ7 ቀን ሲካፈል በቀን 8 ይደርሳል፤ ከ20,000 ሕዝብ 8 ሰው ማለትም ከ10,000 ሰው 4 ማለት ነው። ይህ ቁጥር 1 ሲደርስ ሁኔታው አስቸኳይ አደጋ ይባላል። ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ለብቻ ሲሰላ መለኪያው 2 ነው። ሒሳቡ ይኸው ነው፤ አራተኛ ክፍል የደረሰ ተማሪ ሊሠራው ይችላል።

የሞቱትን ማግኘት ግን ከሒሳቡ ይልቅ ይከብዳል። የጤና ጣቢያው መዝገብ የሚያውቀው ወደ ጣቢያው የመጣውን ብቻ ነው፤ በድንኳን ውስጥ ያረፈውን ሕፃን አያውቀውም። የእህል ማደያው መዝገብ ደግሞ የባሰ ችግር አለበት። ራሽን የሚሰጠው በነፍስ ወከፍ በመሆኑ፣ የልጅዋን መሞት ያስታወቀች እናት የዚያን ልጅ ድርሻ ታጣለች። የቀሩትን ልጆች ለማብላት ስትል የሞተውን በሕይወት እንዳለ አድርጋ ብታስቆጥር ሊፈረድባት አይገባም፤ ነገር ግን መዝገቡ እውነቱን አይናገርም። በዚህ የተነሣ ልምድ ያላቸው የጤና ሠራተኞች ሁለት መንገዶችን ይጠቀማሉ። አንደኛው በመቃብር ሥፍራ ሰው አቁሞ በየቀኑ የሚቆፈሩትን አዳዲስ መቃብሮች፣ የትልቅ ሰውንና የሕፃንን ለይቶ ማስቆጠር ነው። ሁለተኛው የመግነዝ ወይም የከፈን አቡጀዲ በነጻ ማደል ነው። ቤተሰቡ የሞተበትን ሰው በክብር ለመቅበር ጨርቁን ሲወስድ፣ የሟቹ ዕድሜና ሕመም በዚያው ይመዘገባል። ደግነቱም መረጃውም በአንድ ላይ ይገኛል።

ከእነዚህ ሁለት መንገዶች በተለየ፣ ቆጣሪ ባልነበረባቸው ወራት የደረሰውን ለማወቅ ወደ ኋላ ተመልሶ መጠየቅ ግድ ይሆናል። ይህ ዓይነቱ ጥናት በ1992 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል በጎዴ ወረዳ ተካሂዷል። በተከታታይ ዓመታት ዝናቡ በመጥፋቱ የአርብቶ አደሩ ከብት አልቆ ነበር። ከብቱ ሲያልቅ ወተቱ ይቀራል፤ ወተቱ ሲቀር ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ሕፃኑ ነው። ሕዝቡ እርዳታ ይገኝበታል ወደ ተባለው ወደ ጎዴ ከተማ ጎረፈ። ከዚያ በኋላ ጥናት አድራጊዎች በ595 ቤተሰቦች ዘንድ የሚኖሩ 4,032 ሰዎችን የሚመለከት ጥያቄ ይዘው ዞሩ። ከቤተሰቦቹ መካከል 346ቱ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ነበሩ። ውጤቱም በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ታትሞ ወጥቷል።

በእነዚያ ቤተሰቦች ውስጥ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ሐምሌ 1992 ዓ.ም. ባለው ጊዜ 293 ሰዎች ሞተዋል። ከ10,000 ሰው በቀን 3.2 መሆኑ ነው፤ ይህም አስቸኳይ አደጋ ከሚባለው መጠን ከ3 እጥፍ በላይ ነው። ከ5 ዓመት በታች ባሉት ሕፃናት ላይ 6.8 ደርሷል። ከ293ቱ ውስጥ 159ኙ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ነበር፤ 72ቱ ደግሞ ከ5 እስከ 14 ዓመት የሚሆኑ ልጆች ነበሩ። ከትንንሾቹ ሕፃናት መካከል 72 ከመቶ በሚሆኑት ሞት ውስጥ የሰውነት መክሳት ድርሻ ነበረው፤ ስለዚህ ረኃቡ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ከ159ኙ ሕፃናት 35ቱ፣ ከ72ቱ ልጆች ደግሞ 12ቱ የሞቱት ኩፍኝ ብቻውን ወይም ከመክሳት ጋር ተዳምሮ ነው። ከአምስት ልጅ አንዱን ያህል የወሰደው ክትባት ያለው በሽታ ነበር ማለት ነው።

ኩፍኝ በተራበ ሕዝብ ላይ ለምን እንዲህ እንደሚበረታ በሚገባ መረዳት ያስፈልጋል። በሽታው በትንፋሽና በሳል ይተላለፋል፤ ያልተከተበና ከዚህ ቀደም ያልያዘው ሰው ከታማሚው ጋር በአንድ ቤት ካደረ ከ10 ሰዎች 9ኙ ያህል ይያዛሉ። ታማሚው ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን አስቀድሞ ጀምሮ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ እናቲቱ የልጅዋን ሕመም ኩፍኝ መሆኑን ከማወቋ በፊት ጎረቤቱ ሁሉ ተነክቷል። በሰፊው ሜዳ ተራርቀው ይኖሩ የነበሩ አርብቶ አደሮች በአንድ ከተማ ዳር ጎጆ ለጎጆ ሲጠጋጉ፣ አንድ የታመመ ልጅ ለብዙዎች ይበቃል። በተጨማሪም ኩፍኝ በሰውነት ውስጥ የተጠራቀመውን ቫይታሚን ኤ ያሟጥጣል፤ ዓይንን ያውራል፣ አንጀትን ያቆስላል፣ ሌሎችን በሽታዎች የመከላከል ኃይልን ለብዙ ሳምንታት ያዳክማል። ከሽፍታው ተርፎ ከወር በኋላ በተቅማጥ ወይም በሳንባ ምች የሚሞተውን ሕፃን ቤተሰቡ በኩፍኝ ሞተ አይለውም። በየገጠሩ የታመመውን ልጅ በጨለማ ቤት ሸፋፍኖ ደብቆ ማቆየት የተለመደ መሆኑም ነገሩን ያባብሰዋል። እዚህ ላይ ነርሷ እናትን መገሠጽ የለባትም፤ ሕፃኑ ፈሳሽ እንዲጠጣ፣ እንዲጠባና ቫይታሚን ኤ እንዲሰጠው ብታደርግ ይሻላል።

ከጎዴው ጥናት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው የ12ቱ ትልልቅ ልጆች ጉዳይ ነው። ክትባት ሲነሣ ዓይን ሁሉ የሚያርፈው ከ5 ዓመት በታች ባሉት ላይ ነው። በሰላምና በጥጋብ ጊዜ ይህ ትክክል ነው፤ ክትባት አዘውትሮ በማይደርስበት የአርብቶ አደር አገር ግን የ9 ወይም የ12 ዓመት ልጅም እንደ ሕፃኑ ያልተከተበ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም የጥናቱ ባለሙያዎች ክትባቱ ከቫይታሚን ኤ ጋር እስከ 12 ወይም እስከ 15 ዓመት ላሉት ልጆች ሁሉ እንዲሰጥ አሳስበዋል። በመደበኛው ጊዜ የኩፍኝ ክትባት የሚጀመረው በ9 ወር ነው፤ በእንዲህ ያለው አደጋ ጊዜ ግን ከ6 ወር ጀምሮ ይሰጣል፤ ከ9 ወር በፊት የተከተበውም በጊዜው ይደገምለታል። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት ስላለበት፣ በረዶና የማቀዝቀዣ ሣጥን ከእህሉ መኪና ጋር አብረው ካልታሰቡ፣ በሙቀት የተበላሸ መድኃኒት ለልጆች ተወግቶ ሁሉም ተከተቡ ተብሎ ሪፖርት ይደረጋል።

ሌላው ግኝት ስለ ጊዜ ነው። ከሟቾቹ 77 ከመቶ ያህሉ የሞቱት ዋናው የእርዳታ ሥራ በሚያዝያና በግንቦት ከመጀመሩ በፊት ነበር። የእርዳታ ድርጅቶች ሥራቸውን የሚመዝኑት ከደረሱበት ቀን ጀምሮ በመሆኑ፣ የሞቱ መጠን ሲቀንስ ቅነሳውን ለራሳቸው ይቆጥሩታል። ይሁንና ሞቱ የቀነሰበት አንዱ ምክንያት ደካማዎቹ ቀድመው ማለቃቸው ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት የሚያስችለው ወደ ኋላ የሚጠይቅ ቆጠራ ብቻ ነው። እህል በየቀየው ቀድሞ ቢከፋፈል ኖሮ ሕዝቡ ወደ ከተማ ባልተሰበሰበ፣ በሽታውም መተላለፊያ ባጣ ነበር የሚለው ክርክርም ጉልበት የሚያገኘው ከዚሁ ነው።

ጠያቂው የሚሠራበት መንገድ የጥናቱን ዋጋ ይወስናል። ጥያቄው በቤተሰቡ ቋንቋ መቅረብ አለበት። ቀን መቁጠር የማታውቅ እናት የልጅዋን ሞት በበዓልና በጾም ታስታውሳለች፤ ደገኛዋ «ከጥምቀት በፊት» ወይም «ፍልሰታ ሲገባ» ትላለች፤ በእስላሙ አገር ረመዳን ምልክት ይሆናል፤ በ1992 ዓ.ም. የረመዳን ጾም የገባው በኅዳር መጨረሻ ነበር። ጥሩ ጠያቂ መጀመሪያ ቤተሰቡ ምልክቱ ባለፈበት ጊዜ እነማን እንደነበሩበት አንድ በአንድ በስም ያስቆጥራል፤ ከዚያ የተወለደውን፣ የሄደውን፣ የሞተውን ያስለያል። «ስንት ሰው ሞተባችሁ?» ብሎ በድንገት የሚጀምር ጠያቂ እውነተኛ መልስ አያገኝም፤ ሊያገኝም አይገባውም። ስለ ሟቹ ሲነገረው እንደ ወጉ «ነፍስ ይማር» ብሎ፣ ጥቂት ቆይቶ፣ ሽፍታ ነበረው ወይ፣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር ወይ፣ ስንት ቀን አስቀመጠው እያለ በቀስታ ይቀጥላል። ራሽን ከሚያድለው ሰው ጋር አብሮ መምጣትም የለበትም።

ይህን የመሰለው ሥራ ለኢትዮጵያ የጤና ሠራተኞች እንግዳ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ከጤና መኮንኖችና ከሳኒተሪያኖች ጋር የኅብረተሰብ ነርሶችን ያሠለጥን ነበር፤ ነርሷ ከሆስፒታል አልጋ ወጥታ ወደ መንደር እንድትሄድ የታሰበው በዚያን ጊዜ ነው። በ1979 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በቡታጅራ ልደትንና ሞትን ከቤት ቤት በየጊዜው የሚመዘግብ ጥናት ጀምሯል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም በየቀበሌው ሁለት ሠራተኞች እንዲመደቡ አድርጓል። የቀበሌውን ቤቶች የምታውቅ ሠራተኛ ከውጭ በአውሮፕላን ከሚመጣ አጥኚ ይልቅ ሞትን ቀድማ ትሰማለች፤ የሚጎድላት ብዙ ጊዜ ደብተሩና የሰማችውን የሚቀበላት የበላይ ነው።

በሠፈራ ላይ ያለው ጉዳይ ከዚህ በመጠኑ ይለያል። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና መተከል ሲጓጓዝ፣ ብዙዎቹም ወደው አልሄዱም፣ ከደጋ የመጣው ሰው ወባን የሚቋቋም ሰውነት አልነበረውም። በእንዲህ ያለው ሥፍራ የመጀመሪያው ገዳይ ወባ ሊሆን ይችላል፤ ወባም እንደ ኩፍኝ ልጆችን ብቻ መርጦ አይገድልም፤ መሬቱን የሚያለማውን አባወራ ጭምር ይጥላል። ከዚህ የተነሣ በሠፈራ ጣቢያ የሚከፈተው ደብተር ከሟቹ ዕድሜና ሕመም ሌላ ሁለት ነገሮችን መያዝ አለበት፤ ሰውየው የመጣበት አገር ደጋ ወይም ቆላ መሆኑንና ከደረሰ ስንት ሳምንት እንደሆነው። ደብተሩ የሚከፈተውም ሰዎቹ ከመኪና በወረዱበት ዕለት እንጂ የመጀመሪያው መቃብር ከተቆፈረ በኋላ አይደለም፤ በዚያ ቀን የወረደው ሕዝብ ብዛት ካልተጻፈ በኋላ የሞተው ሰው ከስንት እንደሞተ ማስላት አይቻልምና።